ኮረብታው በምን ይልበስ? የዛፍ ዓይነት ብዛትና የወሎ ደን

ከኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ዳገቱን የሸፈነ ባሕር ዛፍ ያያል። ፊቱን ወደ የጎፍ ተራራ ቢመልስ ጽድና ወይራ የሚበዙበት፣ ከሥር ቁጥቋጦና ሐረግ ያለበት ሌላ ዓይነት ደን ያገኛል። እርግጥ የጎፍ ውስጥም በሰው እጅ የተተከለ የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ አለ። በሪፖርት ላይ ሁሉም «በደን የተሸፈነ መሬት» ተብሎ በሄክታር ይደመራል፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየውም ሁሉም አረንጓዴ ነው። ለአፈሩ፣ ለምንጩ፣ ለንቡ፣ ለከብቱና ከተራራው ሥር ለሚኖረው ገበሬ የሚሰጡት ግን በጣም ይለያያል። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያመጣው በውስጣቸው ያሉት የዛፍ ዓይነቶች ብዛትና አሰባጠር ነው።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ የምንሰማው የችግኝ ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። የስንት ዓይነት ዛፍ ችግኝ፣ ከየት በመጣ ዘር፣ በየትኛው ከፍታ ላይ እንደተተከለ የሚናገር ሪፖርት ግን እምብዛም አይታይም። ለወሎ ኮረብታዎች ዕጣ ፈንታ ግን ይህ ዝርዝር ከጠቅላላው ቁጥር ይበልጣል ብለን እናምናለን። ምክንያቱን ለማስረዳት መጀመሪያ ከወሎ ርቀን የሐሩር ክልል ደኖች ጥናት የደረሰበትን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ግምት በምድር ላይ ወደ 73,000 የሚጠጉ የዛፍ ዝርያዎች እንዳሉና ከእነዚህም 9,000 ያህሉ ገና በሳይንስ እንዳልተመዘገቡ ያሳያል። አብዛኞቹ የሚገኙት በሐሩር ክልል ነው። ይህ ሁሉ ዓይነት በአንድ ቦታ ተጨናንቆ መኖሩ ሊቃውንቱን ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1971 ዳንኤል ጃንዘንና ጆሴፍ ኮኔል ለየብቻቸው ያቀረቡት ማብራሪያ ዛሬም ይጠቀሳል። እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ጠላት አለው፤ ፍሬውን የሚበላ ነቀዝ፣ ቡቃያውን የሚያደርቅ ሻጋታ። ጠላቱ የሚበዛው በእናት ዛፉ ዙሪያ ስለሆነ ከእናቱ ሥር የወደቀው ዘር ይጠፋል፣ ቦታውን ባዕድ ዝርያ ይወስደዋል። እንዲህ እየሆነ አንድ ዝርያ ብቻውን ጫካውን እንዳይጠቀልል ይደረጋል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለተከላ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው፦ አንድን ዝርያ ብቻ በሺህ ሄክታር መትከል ለጠላቱ ማዕድ መዘርጋት ነው።

ይህ ስጋት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የፈረንጅ ጽድን የሚያደርቀው ቅማል እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ከታየ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በምሥራቅ አፍሪካ ተዛምቶ እጅግ ብዙ የተተከለ ጽድ አድርቋል። ይበልጥ የሚቀርበን ምሳሌ አዊ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የውጭ ግራር በየማሳቸው ተክለው፣ ከሰል እያከሰሉ ለአዲስ አበባ ገበያ በማቅረብ ኑሯቸውን ቀየሩ። አሠራሩ በብዙ መድረክ እንደ ተሞክሮ ተወስቷል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ገደማ ግን የዋግ ዓይነት የፈንገስ በሽታ ገብቶ ዛፉን ከቅጠሉ ጀምሮ አደረቀው። ዛፉ አንድ ዓይነት ስለነበር በሽታው ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ለመሻገር ምንም አላገደውም። የወሎ ባሕር ዛፍም ከዚህ ዓይነት አደጋ ነጻ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ጥቅም ምርት ነው። በደቡብ ቻይና በተደረገ ሰፊ የተከላ ሙከራ 16 ዝርያ የተቀላቀለበት መደብ ከ8 ዓመት በኋላ ያከማቸው ካርቦን በአማካይ አንድ ዝርያ ብቻ ከተተከለበት መደብ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት በ2016 ከ44 አገሮች የተሰበሰበ የደን ቆጠራ ሲተነተን፣ የዛፍ ዝርያ ብዛት በ10 በመቶ ሲቀንስ የደኑ ዓመታዊ ዕድገት በአማካይ ከ2 እስከ 3 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መንስኤው የተሰወረ አይደለም። ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ዛፍና ሥሩ ላይ ላዩን የሚዘረጋ ዛፍ ውኃ አይሻሙም፤ ጥላ የሚችለው ፀሐይ ከሚወደው ሥር ያድጋል፤ እንደ ግራር ያለው ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ሲያለማ ጎረቤቱም ይጠቀማል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። የቻይናው ሙከራም ሆነ የ44ቱ አገሮች ቆጠራ ቁጥር እንዳለ ወደ ወሎ አይመጣም። ወሎ በኬክሮስ መስመሩ የሐሩር ክልል ይሁን እንጂ ከፍታው ደኑን ሌላ አድርጎታል፦ የዝናቡ ወቅት አጭር፣ በጋው ረጅም፣ በደጋው ውርጭ የሚመታ፣ ጽድና ወይራ የሚገዙት ደረቅ የተራራ ደን ነው። በአማዞን ውስጥ ያሉት 16,000 ገደማ ዝርያዎች እዚህ አይጠበቁም። ይሁንና ለወሎ የዝርያ ብዛት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው። ዝናብ በሚዋዥቅበት አገር ሁሉን በአንድ ዓይነት ላይ ማሳረፍ አያዋጣም። በልግ ሲቀር የሚጎዳው ዛፍ አለ፣ የሚችለው አለ፤ አንበጣ ሲመጣ የሚራቆተው አለ፣ የሚተርፈው አለ።

ወሎ ድሮ በሙሉ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበረች፣ አሁን ግን ተራቁታ ቀረች የሚለው የተለመደ ትረካ ትክክል አይደለም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሡ የወሎ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ ከተነሡት ጋር ያነጻጸሩ የታሪክ ተመራማሪዎች በብዙ ቦታ ዛፉ እንዲያውም ጨምሮ አግኝተውታል። የጨመረው ግን በየመንደሩና በየደጁ ገበሬው ራሱ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ ለውጡ ምን ያህል ፈጣን እንደነበር እንረዳለን። ስለዚህ የወሎን የደን ታሪክ ከመመናመን ይልቅ የዓይነት መለወጥ ታሪክ ብንለው ይቀርባል። ወይራና ጽድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመካነ መቃብርና በገደል አፋፍ ላይ ቀሩ፤ ሜዳውንና ዳገቱን ባሕር ዛፍ ያዘ።

ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፣ ብዙ ኮረብታ ተከልሎ ችግኝ ተተከለበት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከዚያ ውስጥ ብዙው በጥቂት ወራት ተቆርጦ አለቀ። ገበሬው የደጁን ባሕር ዛፍ ግን አልቆረጠም፤ የራሱ ነበራ። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ደን ይሰጣል የሚባለውን በየፈርጁ እንመርምረው፤ የዝርያ ብዛት ሁሉንም እኩል አይለውጥምና።

አፈርን እናስቀድም። በደቡብ ወሎ ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከአገሪቱ ቀደምት የአፈር መሸርሸር መለኪያዎች አንዱ ነው። እንዲህ ካሉ ልኬቶች ተነሥቶ ለመላ አገሪቱ የተሠራው የታወቀ ግምት ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር በሄክታር እንደሚታጠብ፣ ከደን መሬት ግን 1 ቶን ገደማ ብቻ እንደሚሄድ ይናገራል። ታዲያ «ደን» ሲባል የትኛው ነው? አፈሩን የሚይዘው ከፍ ብሎ የተዘረጋው ቅርንጫፍ አይደለም። ከከፍታ የሚንጠባጠብ የተጠራቀመ ጠብታ እንዲያውም ከዝናቡ ጠብታ ሊገዝፍ ይችላል። ኃይሉን የሚሰብረው ከዛፉ ሥር ያለው ቁጥቋጦ፣ ሣርና የረገፈ ቅጠል ነው። በድብልቅ ደን ውስጥ ከወይራው ሥር ክትክታ፣ ከክትክታው ሥር ሣር፣ ከሣሩ ሥር የበሰበሰ ቅጠል አለ። ተጠጋግቶ በተተከለ ባሕር ዛፍ ሥር ግን ሣሩ ይሳሳል፤ የረገፈውንም ቅጠል ለማገዶ ጠርገው ይወስዱታል። በዚያ ላይ ዳገት ከሆነ ከዛፉ መካከል ቦይ ሲቆፈር ማየት የተለመደ ነው። በሪፖርት ላይ ደን የተባለ መሬት አፈሩ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ውኃም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ደን ውኃ «ይፈጥራል» ተብሎ የሚነገረው መታረም አለበት፤ ማንኛውም ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ በፍጥነት የሚያድግ ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ደን ለምንጭ የሚጠቅመው የክረምቱ ዝናብ ወደ ጎርፍ ከመለወጡ በፊት ወደ መሬት እንዲሰርግ ስለሚያደርግ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ የሰረገው ሲደመር፣ የተጠጣው ሲቀነስ ነው። ሥራቸው ጥልቀቱ የተለያየ፣ ዝግ ብለው የሚያድጉ፣ ከሥራቸው የበሰበሰ ቅጠል የሚያከማቹ ዛፎች ያሉበት ደን ከሒሳቡ ትርፍ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከምንጭ ዓይን ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ግን የመቀነሱን ወገን ያበዛዋል። ከቦርከና ጀምሮ ወደ አዋሽ የሚወርዱት፣ እንደ በሽሎ ወደ ዓባይ የሚሄዱት፣ ላሊበላ አካባቢ የሚነሣው ተከዜም ሁሉም ከእነዚህ ተራሮች ስለሚቀዱ ጉዳዩ የአንድ ቀበሌ ብቻ አይሆንም።

ንብ ከዝርያ ብዛት ቀጥተኛ ጥቅም ታገኛለች። አንድ ዛፍ የሚያብበው በዓመት ጥቂት ሳምንት ነው። በላስታና በዋግ ማር የሚቆርጥ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከአደይ አበባው በኋላ ቀፎ ባዶ እንዳይቀር ተከታትለው የሚያብቡ ብዙ ዓይነት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መኖር አለባቸው። ባሕር ዛፍም ለንብ መልካም አበባ አለው፤ ብቻውን ግን ዓመቱን አይሸፍንም። ለከብት መኖ ደግሞ ልዩነቱ የበለጠ ነው፤ ግንቦት ላይ ሣር ሲያልቅ የወይራ ቅጠልና የግራር ፍሬ ይረዳሉ፤ ባሕር ዛፍን ፍየል እንኳ አትነካውም። ለቤቱም ቢሆን የወይራ ድግር፣ የዋንዛ ሣንቃ፣ የክትክታ ማገር፣ የወይራ ጭስ፣ የኮሶ መድኃኒት ከየዛፉ የሚመጡ ናቸው፣ አንዱ በሌላው አይተካም።

ለባሕር ዛፍም ፍርድ እንስጥ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ለአጣናና ለማዋቀሪያ ይደርሳል፣ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ዘብ አይፈልግም፣ በክፉ ቀን ተሽጦ እህል ይገዛል። ባይኖር ኖሮ የማገዶው ጫና በቀሩት የአገር በቀል ዛፎች ላይ ያርፍ ነበር። ባሕር ዛፍ ይነቀል የሚለውን ሐሳብ ስለዚህ አንደግፍም። ጥያቄው ቦታው ነው። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋ በተደረገ ጥናት ከባሕር ዛፍ መስመር እስከ 12 ሜትር ድረስ ያለ የጤፍና የስንዴ ማሳ ምርቱ ቀንሷል፤ ከዚህ ርቀት ቢያንስ መጠጋት የለበትም። ከምንጭ ዓይንና ከወንዝ ዳር ይራቅ፣ ከጋራ ኮረብታ ላይ ይቅር፣ በገበሬው የግል ይዞታ ውስጥ ለብቻው በተመደበ ቁራሽ መሬት ላይ ይሁን።

የአገር በቀል ዛፍ ቦታው ሲከለል ለምን በራሱ አይመለስም? አንዳንዱ ይመለሳል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ በተደረገ ኮረብታ ላይ ክትክታ፣ አጋም፣ ቀጋና ግራር በጥቂት ዓመት ይነሣሉ። ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨትና ኮሶ ግን ይዘገያሉ ወይም ጭራሽ አይመጡም። በኢትዮጵያ ደረቅ የተራራ ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን ዘር የቆጠሩ ጥናቶች አንድ ነገር አረጋግጠዋል፦ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የሣርና የአረም ነው፤ የትልልቆቹ ዛፎች ዘር ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ይሞታል። ስለዚህ ደኑ ከተቆረጠና መሬቱ ከታረሰ ዘሩ አዲስ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። የሚያመጣው ወፍ፣ ዝንጀሮና ነፋስ ነው፤ መነሻውም እናት ዛፍ ነው።

እናት ዛፎቹ ያሉት የት ነው? በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለው የደንቆሮ ጫካ፣ በየጎፍ፣ በላሊበላ አቅራቢያ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቅጥር፣ በየገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ፣ በየመስጊዱና በየመቃብሩ ደጅ ባሉ ዋርካዎችና ወይራዎች። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተደረገ ቆጠራ 168 ዓይነት እንጨታማ ተክል አግኝቷል። የወሎም ቅጥሮች በዚህ ዓይን መታየት አለባቸው። ወሎ ከሌላው የሚለይበት ደግሞ ይህ ሀብት በሁለቱም ሃይማኖቶች እጅ መሆኑ ነው። አሳሳቢው ግን ብዙዎቹ ቅጥሮች ትንንሽና የተነጣጠሉ መሆናቸው ነው። ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው፤ አንዲት ሴት ኮሶ ብቻዋን በቀረችበት ቅጥር አበባ ቢታይም የሚበቅል ዘር አይኖርም። በሌሎቹም ቢሆን ከአንድ ዛፍ ብቻ የተሰበሰበ ዘር እርስ በርስ የተዋለደ ደካማ ችግኝ ያወጣል። የዘር አሰባሰብ ደንብ ቢያንስ ከ15፣ ቢቻል ከ30 እናት ዛፎች፣ እርስ በርሳቸው ከ50 እስከ 100 ሜትር ከተራራቁት እንዲለቀም ያዛል። በችግኝ ጣቢያ ዙሪያ ካለው አንድ ዛፍ ለቅሞ ኩንታል መሙላት ቀላል ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

ችግኝ ጣቢያው ባሕር ዛፍን የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ዛፍ ከ4 እስከ 5 ወር ለተከላ ይደርሳል፤ ታኅሣሥ ወይም ጥር ቢዘራ ለሐምሌ ይበቃል። የአገር በቀሎቹ አብዛኞቹ ከ9 እስከ 12 ወር፣ ጽድና ወይራ ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። በጀት የሚለቀቀው ከሐምሌ በኋላ፣ ግዢው የሚያልቀው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ከሆነ፣ ለቀጣዩ ክረምት የሚደርስ ችግኝ አንድ ብቻ ነው። የዝርያ ብዛት ከበጀት ካላንደር ጋር ካልታረቀ ምንም ያህል ቢሰበክ ውጤት አይመጣም። መፍትሔው ለአገር በቀል ችግኝ የሁለት ዓመት ውል መስጠትና ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ መዝራት ነው።

የዘሩ አያያዝም እንደየዛፉ ይለያል። የግራር ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ከእሳት በወረደ የፈላ ውኃ ውስጥ ጨምረው ውኃው እስኪቀዘቅዝ አንድ ሌሊት ያሳድሩታል፤ እሳት ላይ እንዳለ ማፍላት ግን ዘሩን ይገድላል። የወይራ ፍሬ ሥጋው ይላጣል፣ የቅርፊቱ ጫፍ ሳይደቆስ በጥንቃቄ ይሰበራል፣ ለ48 ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዘፋል። የዋንዛ የሚያጣብቅ ሥጋ በአሸዋና በውኃ ታሽቶ ይለቃል፤ ለመብቀል ከ40 እስከ 60 ቀን ስለሚፈጅ ብዙ ሠራተኛ ሞቷል ብሎ መደቡን ይገለብጠዋል። ጽድ ፍሬው ውስጥ ባዶ የሆነው ብዙ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲጨመር የተንሳፈፈው ይጣላል። የጥቁር እንጨት ዘር መድረቅ አይወድም፤ ከተለቀመ በሳምንታት ውስጥ ካልተዘራ አቅሙን ያጣል፤ በመጋዘን አስቀምጦ ለሚቀጥለው ዓመት ማለት አይቻልም። ይህ ዛፍ ልጡ ለመድኃኒት በዓለም ገበያ ስለሚፈለግ ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ተጠንቅቆ ማራባት የሚገባውም ለዚህ ነው። የኮሶ ዘር ደቃቅ ስለሆነ መደቡ ላይ ተበትኖ በስስ አሸዋ ይሸፈናል፣ ጥላ ይሠራለታል፣ ውኃ በደቃቅ ወንፊት ይጠጣል፤ በገንቦ ቢያፈሱበት ዘሩ ወደ ጥግ ይታጠባል። ለፕላስቲኩ መሙያ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ የተለመደው ልክ ነው።

ከዚያ ከፍታን ማክበር ይመጣል። ኮሶ ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ ያለውን ደጋ ይወዳል፤ 1,850 ሜትር አካባቢ ባለችው ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ቢተከል አይሰነብትም። ዋንዛ በተቃራኒው በደላንታ ደጋ ላይ ውርጭ ያቃጥለዋል፤ ለቃሉ፣ ለሐይቅ ዙሪያና ለወይና ደጋው ማሳ ግን ከሁሉ ይመረጣል። ወይራና ጽድ ሰፊ ከፍታ ይችላሉ። ለእርጥብ ሸለቆ ጥቁር እንጨት፣ ሾላና ዶቅማ፤ ለራያ ቆቦ ሜዳ ቁርቁራና የቆላ ግራር፤ ለአቡነ ዮሴፍ ዓይነቱ ውርጭ ከአስታና ከአሜጃ ሌላ መሞከር ድካም ነው።

የተራቆተ የጋራ ኮረብታ ላይ 2 ሜትር በ2 ሜትር እያሉ በሄክታር 2,500 ችግኝ መደርደር ለእንጨት ምርት እንጂ ለደን መመለስ አይስማማም። የተሻለው መንገድ ቦታውን መጀመሪያ ከልሎ አንድ ወይም ሁለት ዓመት መጠበቅ፣ በራሱ የመጣውን ማየት፣ ከዚያ በሄክታር 400 ያህል በራሳቸው የማይመጡትን ዛፎች ብቻ መጨመር ነው። ችግኙ በገላጣው ላይ ሳይሆን በቁጥቋጦው ጥግ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያገኝበት ወገን ይተከል። በትግራይ በተደረጉ ጥናቶች በቁጥቋጦ ከለላ ያለ የወይራ ችግኝ በገላጣ ካለው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቁጥቋጦው ከፀሐይም ከፍየልም ይከልለዋል። «ቦታውን ለማጽዳት» ተብሎ ክትክታውንና አጋሙን መመንጠር፣ በየዓመቱ እንደሚደረገው፣ ለችግኙ የተዘጋጀውን ቤት ማፍረስ ነው።

ሌላው ስሕተት አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያሉ በመስመር ማሰባጠር ነው። ፈጣኑ ዘገምተኛውን በሦስት ዓመት ውስጥ ይውጠዋል። ከአንድ ዓይነት ከ9 እስከ 25 ችግኝ በአንድ ዘለላ፣ ቀጥሎ ሌላ ዓይነት በሌላ ዘለላ ቢተከል ዘገምተኞቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ያድጋሉ፣ ኋላም የሚያሳሳው ሰው የቱን እንደሚቆርጥ ያውቃል። ጉድጓዱ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ኖሮት ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ይቆፈር፣ የላዩና የሥሩ አፈር ለየብቻ ይቀመጥ፣ ሲተከል የላዩ አፈር ከሥር ይግባ። ተከላው የክረምቱ ዝናብ አፈሩን በደንብ እንዳራሰው፣ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት ይለቅ። በበልግ የተተከለ ከግንቦት እስከ ሰኔ ያለውን ድርቀት አይሻገርም፤ ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥሩን ሳይሰድ መስከረም ይደርስበታል። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ የተተከለ ችግኝ አንድ ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ለፎቶግራፍም ያምራል፤ ሥሩ ግን ውስጥ ለውስጥ ተጠምዝዞ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው በጋ ይደርቃል። በዘመቻ ተከላ ላይ በብዛት የሚታየው ጥፋት ይህ ነው። ፕላስቲኩን የሚቀድ ምላጭ ለእያንዳንዱ ቡድን መስጠት የሚጠይቀው ጥቂት ብር ነው።

ከላይ ያቆየነው የባለቤትነት ጉዳይ እዚህ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ጎን ለማኅበረሰብ ደን ዕውቅና ሰጥቷል። በወሎ ደግሞ ደንብ ማክበር የለመደ ድርጅት በየመንደሩ አለ፦ ቅሬ። ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ ቀብር የሚያገናኘው ቅሬ የተከለለን ኮረብታ ደንብ ሲይዝ፣ ቅጣቱም ይቅርታውም በሚያውቁት ሰው ፊት ይሆናል። ደንቡ ግን ከክልከላ ብቻ ከተሠራ አይቆይም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሣሩን አጭዶ መውሰድ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀፎ ማስገባት፣ ኋላም የደረቀ እንጨት ማንሣት ለማን፣ በምን ተራ፣ በስንት እንደሚፈቀድ መጻፍ አለበት። ወይራና ጽድ ለመቁረጥ የሚደርሱት በልጅ ልጅ ዘመን ስለሆነ ገበሬው እስከዚያ የሚያገኘው ነገር ከሥራቸው ካለው ሣርና ከአበባው መምጣት ይኖርበታል፤ የዝርያ ብዛቱም ገበሬውን ራሱን የሚጠቅመው በዚህ ነው።

ቁጥጥሩን ማንም ሊሠራው ይችላል። ርዝመቱ 5.64 ሜትር የሆነ ገመድ ካስማ ላይ ታስሮ ሲዞር 100 ካሬ ሜትር ያካልላል፣ ይኸውም የሄክታር መቶኛ ነው። በኮረብታው ላይ ከግርጌ እስከ አናት ቢያንስ 10 ክብ ይሠራ፤ ቦታው ያማረውን በመምረጥ ሳይሆን በእኩል ርቀት። በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ ቆሞ ያለው ዛፍና ችግኝ በየዓይነቱ ተቆጥሮ በ100 ሲባዛ የሄክታሩን ይሰጣል። የዝርያ ስም ዝርዝር ብቻውን ግን ያሳስታል። ከ100 ዛፍ 91ዱ ባሕር ዛፍ፣ የቀሩት 9ኙ ከዘጠኝ ዓይነት አንድ አንድ ቢሆኑ ሪፖርቱ «10 ዝርያ» ይላል። የእያንዳንዱን ድርሻ በራሱ አባዝቶ ደምሮ፣ 1ን ለድምሩ ሲያካፍሉት ግን መልሱ 1.2 ይሆናል፤ ቦታው በተግባር የአንድ ዝርያ ደን ነው። አምስት ዓይነት ዛፍ እያንዳንዱ 20 ሆኖ ቢገኝ ያው ሒሳብ 5 ይሰጣል። ቆጠራው በመጀመሪያው በጋ ማብቂያ ግንቦት ላይ፣ ከዚያም በሦስተኛው ዓመት ይደገም። በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ዓይነት ከግማሽ በላይ ከሞተ ያንኑ ዓይነት እንደገና ከመትከል በፊት ሥሩ ተነቅሎ ይታይ፦ ከተጠመዘዘ ጥፋቱ የፕላስቲኩ ነው፣ ቀጥ ብሎ ከደረቀ የተከላው ቀን ወይም የከፍታው ነው፣ ጫፉ ከተነጨ የጥበቃው ነው።